ደመወዝ ክፍል ተሳስቶ የግብር ዱብ ዕዳ ሲመጣባችሁ

ደመወዝተኛ ከግብር ጋር ፊት ለፊት አይተዋወቅም። ነጋዴው ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳቡን ይዞ ገቢዎች ደጃፍ ይሰለፋል። ተቀጣሪው ግን ግብሩ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይሄዳል፤ የሚያየው የተጣራውን ብቻ ነው። አንድ ቀን «ያልተቀነሰ ግብር ስላለብህ 12,000 ብር ትከፍላለህ» የሚል ደብዳቤ ሲሰጠው ታዲያ ዱብ ዕዳ ይሆንበታል። ቆራጩ ድርጅቱ፣ የተሳሳተው ድርጅቱ፣ ከፋዩ ሠራተኛው?

በከፊል አዎ፣ በከፊል አይደለም። ገንዘብ የሚያስበላው ይህን «በከፊል» አለመለየት ነው።

እኔ ጎንደር ውስጥ ለትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት። የብዙ ሰው ፔሮል በየወሩ በእጄ ያልፋል። የሚከፍሉኝ ድርጅቶቹ ናቸው፤ ይህን የምጽፈው ግን ለሠራተኛው ነው። ድርጅቱ እንደኔ ያለ ሰው ይቀጥራል። ሠራተኛው ደብዳቤውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ደግሞ ወይ «የእነሱ ጥፋት ነው፣ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍል» ይለዋል፣ ወይ «ከመንግሥት ጋር ምን አታገለህ፣ ክፈልና ተገላገል» ይለዋል። ሁለቱም ምክር አይረባም።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ ላሳያችሁ። የአክስቴ ልጅ በከተማችን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሪሴፕሽን ይሠራል። መነሻ ደመወዙ 9,000 ብር ነው። እንግዳው ሒሳብ ላይ የሚጨመረው ሰርቪስ ቻርጅ ለሠራተኛው ይከፋፈላል፤ ትርፍ ሰዓትም አለ። ሁለቱ ተደምረው በወር 4,000 ብር ይመጡለታል። ጥር ሲሆን ይጨምራል። ጎንደር በጥምቀት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም። ከከተራ ጀምሮ አልጋ አይገኝም፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለ ሰው እንቅልፍ አያውቅም። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሰዓት ክፍያው በ2.5 ተባዝቶ ይታሰብለታል። ስለዚህ በጥር ከደመወዙ ሌላ 7,500 ብር አገኘ።

ስህተቱ የጀመረው ሐምሌ 2017 ላይ ነው። ያኔ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተቀየረ። የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ አዲሱን ቀመር ኤክሴል ላይ ሲያስገባ ደመወዙን በአንድ ሺት፣ ሰርቪስ ቻርጁንና ትርፍ ሰዓቱን በሌላ ሺት አደረገ። ቀመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ገለበጠ። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰው ሆነ። ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 2,000 ብር ሁለት ጊዜ ታሰበለት፤ ዝቅተኛዎቹ መቶኛዎችም እንደዚሁ። ግብር ግን የሚሰላው ሰውዬው ከቅጥሩ በወሩ ባገኘው ጠቅላላ ገቢ ላይ ነው። በስንት ወረቀት ፈርሞ እንደተቀበለ አይጠየቅም።

መጋቢት ላይ አዲስ የሒሳብ ኃላፊ ተቀጠረና አየው። ከዚያ ለሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ ታደለ።

ስህተቱ ሌላ መልክም ሊኖረው ይችላል። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ተከፍሎ ሙሉው ከግብር ነፃ ተብሎ ታልፎ ይሆናል። ቦነስ በፔሮል ሳይሆን በቫውቸር በእጅ ተሰጥቶ ይሆናል። የደመወዝ ጭማሪ ተደርጎ ግብሩ በድሮው ላይ ሲቆረጥ ከርሞ ይሆናል። የሁሉም አካሄድ ግን አንድ ነው።

ፊርማችሁን ያዙ

ደብዳቤው ከታች «ከላይ የተጠቀሰውን ዕዳ አምኜ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የሚል መስመርና የፊርማ ቦታ ነበረው። ልጁ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ልፈርም እንዴ? ሁሉም እየፈረመ ነው።»

አትፈርም አልኩት። ግን አልቀበልም ብለህ ጥለኸው እንዳትወጣ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ደብዳቤ አልቀበልም ያለ ሠራተኛ አስቸጋሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ነገ ክርክር ቢመጣም «እምቢ ብሎ ነው» ይባላል። የተቀበለና ስሌት የጠየቀ ሰው ግን ምንም አላጠፋም። ስለዚህ በእጃችሁ «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ዝርዝር ስሌቱ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን መስመር ሰርዙት። ኮፒ ያዙ። ኮፒ ከከለከሏችሁ ስልክ አለ፣ ፎቶ አንሱ።

ይህን ያህል ፊርማ ላይ የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። በአዋጅ 1156 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ እንዲያው ደስ ስላለው ደመወዝ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያቺ ከታች ያለችው መስመር የጽሑፍ ስምምነታችሁ ናት። ከፈረማችሁ የተስማማችሁት በግብሩ ብቻ አይደለም። በጠቅላላ ድምሩ ነው፤ የእናንተ ያልሆነውን ጨምሮ።

ሊያጣድፏችሁ ይችላሉ። ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ማወቅ ልብ ያረጋጋል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ቀንሶ ማስቀረት ሲገባው ያላስቀረ ድርጅት የግብሩን 10 በመቶ ይቀጣል። ሥራ አስኪያጁና ዋናው የሒሳብ ኃላፊም በየግላቸው 2,000 ብር ቅጣት አለባቸው። እና ጥድፊያው የእነሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሄዳችሁ እንድትጋፈጧቸው አይደለም። ለሁለት ሦስት ቀን ብታስቡበት ሰማይ እንደማይደፋባችሁ እንድታውቁ ነው።

ስሌቱን በወር በወር ጠይቁ

እኛ አገር ደመወዝ መጠየቅ ችግር የለውም፤ የደመወዝ መዝገብ መጠየቅ ግን እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ይሉኝታ ይይዘናል። «አላመናችሁኝም ወይ» ይባላላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 60 ግን አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የተቀነሰውን በዓይነቱና የተጣራውን የያዘ መዝገብ እንዲኖረው ያስገድደዋል። ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳትም ግዴታው ነው። ሌላም ጥሩ ነገር አለው። መዝገቡ ላይ ዝም ብላችሁ ፈርማችሁ ገንዘብ መቀበላችሁ ከሚገባችሁ ክፍያ የጎደለውን ትታችኋል አያሰኝም። ስለዚህ «ስትፈርም ከርመህ አሁን ምን ትጠይቃለህ» ለሚላችሁ መልስ አላችሁ።

ጥያቄው በቃል ሳይሆን በማመልከቻ ይሁን። ረጅም አይሁን፣ ቁጣም አይኑርበት። ለልጁ የጻፍኩለት ይህን ይመስላል፦

«ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ ያልተቀነሰ ግብር ስሌት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከሐምሌ 2017 እስከ የካቲት 2018 ያልተቀነሰ ግብር አለብህ ተብሎ ደብዳቤ ደርሶኛል። በሕግ የሚፈለግብኝን ግብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ። ስለሆነም፦ በእያንዳንዱ ወር የተከፈለኝ ጠቅላላ ገቢ፣ የተቀነሰው ግብር፣ ሊቀነስ ይገባ የነበረው ግብርና ልዩነቱ እንዲገለጽልኝ፤ ፍሬ ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ ተለይተው እንዲቀመጡልኝ፤ ከግብር ባለሥልጣኑ የመጣ የውሳኔ ማስታወቂያ ካለም ኮፒው እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

«ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ» የምትለዋ አትቅር። እሷ ካለች ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በሌላ ዓይን ያነበዋል። ልጁም ማመልከቻውን ይዞ ሲገባ «ጋሼ፣ ልከፍል ነው የመጣሁት፤ የምከፍለውን ግን ልወቀው» ነው ያለው። ሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ማህተም ያድርግበት።

የመጨረሻዋ ጥያቄም ዝም ብላ የገባች አይደለችም። ስህተቱን ያገኙት ገቢዎች ናቸው ወይስ ድርጅቱ ራሱ? ገቢዎች ኦዲት አድርገው ያመጡት ከሆነ የውሳኔ ማስታወቂያ አለ። በታክስ አስተዳደር አዋጁ ደግሞ ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ማስታወቂያው የተጻፈው ለድርጅቱ ስለሆነ ቅሬታውን የሚያቀርበው እሱ ነው። ውሳኔው ስህተት ከመሰላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ወትውቱት። ድርጅቱ ራሱ አግኝቶት ከሆነ ግን ገና ማንም አልቀጣውም። ታዲያ ደብዳቤው ላይ ያለው «ቅጣት» ከየት መጣ?

የልጁ መልስ በሳምንቱ መጣ። 12,000ው ለሁለት ተከፈለ። 10,400 ግብር፣ 1,600 ቅጣትና ወለድ። ገቢዎች የጻፉት ውሳኔ የለም።

ራሳችሁ አስሉት

የግብር ስሌት ሲባል ብዙ ሰው ይሸሻል። የደመወዝ ግብር ግን ከሱቅ ሒሳብ አይከብድም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት እንዲህ ነው። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ ተቀናሹ 300። ከ4,001 እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ ተቀናሹ 500። ከ7,001 እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 850። ከ10,001 እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ተቀናሹ 1,350። ከዚያ በላይ 35 በመቶ፣ ተቀናሹ 2,050። የወሩ ጠቅላላ ገቢያችሁ የሚወድቅበትን መስመር ፈልጉ። ገቢውን በመቶኛው አባዙ፣ ተቀናሹን አንሱ። አለቀ።

የጡረታ መዋጮ እዚህ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው መጀመሪያ 7 በመቶውን ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ያሰላና «በልተውኛል» ብሎ ይጣላል። ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ከመነሳቱ በፊት ባለው ነው። ጡረታ ደግሞ የሚታሰበው በመነሻ ደመወዝ ላይ ነው። 9,000 ብር ከሆነ ከሠራተኛው 630፣ ከድርጅቱ በ11 በመቶ 990 ይሆናል። ሰርቪስ ቻርጅ ላይ የተፈጠረ ስህተት ጡረታን አይነካም ማለት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «የጡረታ ልዩነት» የሚል መስመር ብታዩ እዚያው ቆማችሁ አስረዱኝ በሉ።

አሁን ወደ ልጁ። በተለመደው ወር 9,000ው ላይ የተቆረጠበት 1,400 ብር ነው። 4,000ው ላይ ለብቻው 300። በድምሩ 1,700። በትክክል ቢሠራ ገቢው 13,000 ነው፤ በ30 በመቶ 3,900፣ 1,350 ሲቀነስ 2,550። ልዩነቱ 850 ብር።

ጥርን ለብቻው እንየው። ገቢው 16,500። የተቆረጠው 1,400 እና 1,025፣ ድምሩ 2,425። መቆረጥ የነበረበት 3,725። ልዩነቱ 1,300።

እስኪ 1,300ን በ8 አባዙት። 10,400። ይኸው! የሒሳብ ክፍሉ የጥርን ወር ብቻ አስልቶ በስምንቱ ወር አባዝቶታል። ጥምቀት ዓመቱን ሙሉ ይከበር ይመስል። ትክክለኛው ሰባት ወር በ850፣ ማለትም 5,950፣ የጥር 1,300 ሲጨመርበት 7,250 ብር ነው። 3,150 ብር እንዲሁ በስንፍና ተጨምሮ ነበር።

ተንኮል ነው ብዬ አላምንም። ሠላሳና አርባ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ስምንት ወር ማስላት ይሰለቸዋል። አንዱን ወር ይወስድና ያባዛል። ስለዚህ ወር በወር ያልቀረበ ስሌት ስታዩ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው። ድምሩን በወራቱ ብዛት አካፍሉት። ክብ የሆነ፣ ያለ ሽርፍራፊ የሚካፈል ቁጥር ከመጣ የተባዛ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስሌቱን ስትሠሩ ወደ ሌላው ጎንም ተመልከቱ። ድርጅቱ የቆረጠባችሁ ትርፍ ሊኖር ይችላል። አዲሱ አዋጅ የጸደቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው፤ የሚሠራው ግን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው። አንዳንድ ድርጅት ሐምሌን፣ አንዳንዱ ነሐሴንም ጨምሮ በድሮው ሠንጠረዥ ቆርጧል። በድሮው 9,000 ብር ላይ ግብሩ 1,745 ብር ነበር። በአዲሱ 1,400 ነው። በወር 345 ብር ያለአግባብ ተቆርጧል ማለት ነው። ዕዳ ሊጠይቋችሁ የድሮ ፋይል ከከፈቱ ይህም አብሮ ይታይ፤ ይቻቻል። የሚመለስላችሁ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝና የመሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ያግደዋል።

የእናንተና የእነሱ

ፍሬ ግብሩ የእናንተ ነው። ቅጣቱና ወለዱ የድርጅቱ ነው።

ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ካልቀነሰ ራሱ ለገቢዎች ተጠያቂ ይሆናል። ግብሩ በጊዜው ካልገባ የሚመጣው መቀጫም ከዚሁ የሚወለድ ነው፤ በአዋጅ 983 ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ ወር 2 በመቶ። ሠራተኛው ይህን ሊከላከል የሚችልበት መንገድ የለውም። ልቀንስ ቢል የሚቀንስበት እጅ የለው። ስለዚህ የ1,600 ብሩ መስመር ላይ የቃል ክርክር ውስጥ አትግቡ። «ይህ በድርጅቱ ግዴታ ምክንያት የመጣ ስለሆነ እኔን አይመለከትም» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ። ልጁ ይህን ከነስሌቱ አስገባ። 1,600ው ተሰረዘ፣ 10,400ው ወደ 7,250 ወረደ።

7,250ውን ግን ተከራክሮ ማስቀረት አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከፋዋል፤ ልጁም ከፍቶታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እውነት ነው። ግን ገንዘቡ ደርሶታል። በየወሩ 850 ብር አብልጦ ተቀብሎ በልቶታል። ድርጅቱ ለገቢዎች ከከፈለ በኋላ ፍሬ ግብሩን ከሠራተኛው መልሶ መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚታገሉ ሰዎች ሲደክሙ አይቻለሁ፤ ማሸነፍ የሚችሉትን የቅጣት ክርክር ትተው ማሸነፍ በማይችሉት ላይ ጉልበት ይጨርሳሉ።

ድርጅቱ «ተዉት፣ እኛ እንችለዋለን» ቢልስ? እሰየው ነው። ግን በጽሑፍ ይሁን። አሠሪ የሠራተኛውን ግብር ሲከፍልለት ያ ክፍያ ራሱ የሠራተኛው ገቢ ሆኖ ይታያል፤ እሱም ይቀረጣል። ያንንም አብረው በፔሮል ካላስተካከሉት በሚቀጥለው ኦዲት ሌላ ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ።

አከፋፈሉን እናንተ አቅርቡ

ድርጅቱ ዕቅድ እስኪያወጣላችሁ አትጠብቁ። ካወጣው በአንድ ወይ በሁለት ወር ማለቁ ነው። ሕጉ ግን ጣሪያ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ደመወዝ» የሚባለው ደግሞ መነሻው ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን፣ አበልን፣ ቦነስንና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅን ከደመወዝ አይቆጥርም። ስለዚህ የልጁ ሲሶ የ13,000 ሳይሆን የ9,000 ነው፤ 3,000 ብር። ጣሪያው ነው እንጂ ግዴታው አይደለም።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ወጥመድ አለ። «ደመወዝህን አንነካም፣ ሰርቪስ ቻርጅህን ግን እስኪያልቅ እንይዘዋለን» ሊሏችሁ ይችላሉ። የሲሶው ጣሪያ የሚጠብቀው ደመወዝን ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ «ከማንኛውም ክፍያዬ በድምሩ በወር ከዚህ በላይ አይቆረጥም» የሚል ቃል አስገቡ።

ስንት ልበል ካላችሁ፣ መጀመሪያ አዲሱን የተጣራ ደመወዛችሁን እወቁ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ስህተቱ ሲታረም ወደፊት የሚቆረጠው ግብርም ይጨምራል። ልጁ በፊት 13,000 አግኝቶ 1,700 ግብርና 630 ጡረታ ተቆርጦ 10,670 ይደርሰው ነበር። አሁን ግብሩ 2,550 ስለሆነ የሚደርሰው 9,820 ነው። ዕዳውን በወር 1,000 ቢከፍል 8,820 ይሆናል። ማለትም ኪሱ የሚሰማው 1,850 ብር ነው፣ 1,000 አይደለም። የቤት ኪራይ፣ እቁብ፣ ለእናቱ የሚልከው፣ ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስበት ትራንስፖርት ከዚያ ላይ ነው የሚወጣው። በ3,000 ብር ቢስማማ ኖሮ ሁለት ወር ብቻ ነበር የሚችለው፤ ከዚያ ብድር።

ጊዜውንም አስቡበት። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቆረጣ መጀመር ማንንም አያስደስትም። ልጁ ከግንቦት እንዲጀመር፣ መስከረም እንዲዘለልለት ጠየቀ። መስከረም ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። እሺ አሉት። ሰባት ጊዜ 1,000፣ መጨረሻ ላይ 250። ድርጅትም ቢሆን በሥርዓት የተጻፈ ዕቅድ ሲቀርብለት ደስ ይለዋል፤ ራሱ ከማሰብ ይገላገላል።

ስምምነቱ ላይ ጠቅላላ ፍሬ ግብሩ፣ የየወሩ መጠን፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ወር፣ ቅጣትና ወለድ እንደማይጨመር ይጻፍ። አሁን ፈርሙ።

ገንዘቡ የት እንደገባ ተከታተሉ

ከእናንተ መቆረጡ አንድ ነገር ነው፣ ገቢዎች መግባቱ ሌላ። አሠሪ በየወሩ የሠራተኞቹን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ ገቢና ግብር የያዘ ዝርዝር ያሳውቃል። ስህተቱ ሲታረም የስምንቱም ወር ዝርዝር መታረም አለበት። የእናንተ መስመር ያለበትን ገጽ ኮፒና የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቁ። የጓደኞቻችሁ ደመወዝ ይታያል ካሉ መስመራቸውን ይሸፍኑት። ቲናችሁ በትክክል መጻፉንም እዩ፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ግብሩ የሌላ ሰው ይሆናል።

አሠሪው እያድበሰበሰ ከሆነ ቲናችሁን ይዛችሁ ገቢዎችን ጠይቁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልል የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መልስ የምታገኙት ከከተማው ገቢዎች ነው። እንደ ዩኒቨርሲቲው ያለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ ግብራችሁ የፌዴራል ነው።

ክርክሩ ከግብሩ ሳይሆን ከደመወዙ ቆረጣ ጋር ከሆነ፣ ማለትም ያልተስማማችሁበት ከተቆረጠ ወይም ከሲሶ በላይ ከወሰዱ፣ የገቢዎች በር አይደለም የሚንኳኳው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚይዘው የከተማው መሥሪያ ቤት ሂዱ። አስማሚ አለ። ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሥራ ልትለቁ ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። ድርጅቱ የቀረውን ዕዳ በሙሉ ከመጨረሻ ክፍያችሁ ላይ ሊያነሳ ይፈልጋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም «ክሊራንስ ጨርስ» ብሎ ሊይዝባችሁ ይሞክራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጨረሻ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ስትጠይቁ የሚሰጥ እንጂ መያዣ አይደለም። ስለዚህ ስምምነቱን ስትጽፉ «ሥራ ብለቅ ቀሪው እንዴት ይከፈላል» የምትለዋን መስመር አብራችሁ አስገቡ። ያኔ በሰላም ሳላችሁ የምትጽፉትና በኋላ ተኳርፋችሁ የምትጽፉት አንድ አይሆንም።

ከእርማቱ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ፔሮል ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ሁለቱ ሺት አንድ መሆኑን እዩ። የዕዳው ቆረጣ «ግብር» በሚለው ዓምድ ውስጥ ተደባልቆ ሳይሆን ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ በኋላ ስንት እንደከፈላችሁ መቁጠር አትችሉም። የመጨረሻዋ ብር ስትቆረጥ ደግሞ «ቀሪ የለበትም» የሚል ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አስወጡ። የሒሳብ ኃላፊ ይቀየራል፤ የኤክሴል ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። ወረቀቱን ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።